ጎድኗ የሚቆጠር ውሻ

አያ ኑርሁሴን ባቲ የሄደው አህያ ሊገዛ ነበር፤ የተመለሰው ግን ሁለት ውሾች ይዞ ነው። ከሰል በጫነ አይሱዙ አናት ላይ፣ በጆንያዎቹ መሃል ተቀምጦ ከሚሴ ሲገባ አንዱ ውሻ እግሩ ስር ተጠቅልሎ፣ ሌላዋ ጭንቅላቷን ብብቱ ውስጥ ቀብራ ነበር። ሦስቱም በከሰል ጠቁረዋል። ባለቤቱ መሪየም በር ላይ ቆማ መኪናውን አየች፣ ከመኪናው ኋላ ደግሞ መንገዱን አየች።

«አህያውስ?» አለች።

አያ ኑርሁሴን ውሾቹን አንድ በአንድ እያወረደ፣ አህያ የሚጠቅመው የሚጫን እህል ላለው ሰው ነው አላት።

ውሸት አልነበረም። ጊዜው የሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ጥር ነው። ባለፈው መኸር ቦርከና ወንዝ ዳር ካለው ማሽላው ሲሶውን ከርከሮ በልቶበታል። ጨፋ ሜዳ ላይ ማሳ ያለው ሁሉ ከከርከሮ ጋር መታገሉ የታወቀ ነው፤ የሱ ማሳ ግን ከወንዙ ቄጠማ ጋር ስለሚዋሰን መንጋው መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ማማ ሠርቶ ጠብቋል፣ ቆርቆሮ ቀጥቅጧል፣ እሳት አንድዷል። ከርከሮዎቹ ለመዱት። ስለዚህ ባቲ ገበያ ላይ አንድ የአፋር አርብቶ አደር ከግመሎቹ ጎን ያሰራቸውን ውሾች ሲያይ፣ የሄደበትን ጉዳይ ረሳ።

እንዲህ ያለ ውሻ በሰፈራችን አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እግራቸው የሚዳቋ ነው፤ ደረታቸው ወደ ታች ጥልቅ፣ ወገባቸው ደግሞ በሁለት እጅ የሚጨበጥ። ፊታቸው ረጅምና ቀጭን፣ ጸጉራቸው እንደ አይጥ ጸጉር አጭር። ወንዱ ዳማ መልክ ስለነበረው ዳማ ተባለ። ሴቷ አመድማ ናት፤ ልጆች ቀጮ አሏት፣ በዚያው ጸና። ጎድናቸው ከሩቅ ይቆጠራል። አፋሩ በአስተርጓሚ የነገረውም ይህንኑ ነበር፦ ሦስት ጎድን ሁልጊዜ ይታይህ፤ ጎድኑ የጠፋ ቀን ውሻው ጠፋ በል።

እኛ ቤት ከነሱ አጥር ማዶ ስለሆነ የቀረውን ሁሉ ያየሁት ወይም በማግስቱ የሰማሁት ነው።

መጀመሪያ ሰሞን የሰፈሩ ወሬ ስለ ውሾቹ አተኛኘት ነበር። ዓይናቸውን ገልጠው ይተኛሉ። መሪየም አንድ ቀን ቀጮን ሞታለች ብላ ባሏን ከመስጊድ አስጠርታለች፤ መጥቶ ሲጠራት ዘላ ተነሳች። ቀጥሎ የቆዳቸው ነገር መጣ። ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ሌላውን ውሻ የማይጭረው እሾህ እነሱን እንደ ወረቀት ይተረትራቸዋል። ጠንካራ መሬት ላይ ሲተኙ ክርናቸው ይቆስላል። አያ ኑርሁሴን በጆንያ ጭድ ሞልቶ ፍራሽ ሠራላቸው። ክረምት ሲገባና ሲንቀጠቀጡ ሲያይ ደግሞ አሮጌ ብርድ ልብስ ቀዶ፣ ሆዳቸው ስር የሚታሰር ልብስ ሰፋላቸው። በዚያ ሰሞን በመንገድ ያገኘው ሰው ሁሉ ከሰላምታው በፊት፣ ክራቫቱስ መቼ ነው የሚደርሰው ይለው ነበር።

የቀጮ ጭራ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እሱን ባየች ቁጥር ጭራዋን የምትወዘውዘው በሙሉ ኃይሏ ስለሆነ፣ ጫፉ ከቆርቆሮው አጥር ጋር እየተጋጨ ይፈነዳል። አጥሩ በደም ነጠብጣብ ተረጭቶ ያየ ሰው በግ ታርዶ ነበር ይላል። አያ ኑርሁሴን ጫፉን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በላዩ ላይ የውሃ ጎማ ቁራጭ አጠለቀበት። ቁስሉን ባከመ ቁጥር እጁን ስድስት ጊዜ በውሃ፣ አንድ ጊዜ በአፈር ያጥባል፤ የውሻ ምራቅና እርጥበት ነጃሳ ነውና። ለዚሁ ብሎ ከግቢው ጥግ ንጹሕ አፈር ቆልሎ፣ ጀሪካን አስቀምጧል። ለሶላት የሚለብሰው ሱሪ ለብቻው ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። መሪየም ስትቆጣ፣ ይኸ ሰውዬ ከእርሻው ይልቅ በመታጠብ ነው ያረጀው ትል ነበር። ለማሳ ጥበቃ ውሻ መያዝ እንደሚፈቀድ ሸህ ሙህዲን ነግረዋት ስለነበር ግን አውጣቸው አላለችውም። ሸህ ሙህዲን የመስጊዳችን አዛውንት ናቸው፤ በሰፈሩ ክርክር ሁሉ የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነው።

ነገሩ የከፋው ሰኔ ላይ ነው።

ዳማ ረጋ ያለ ውሻ ነው፤ ተው ሲሉት ይተዋል። ቀጮ ግን የሚሮጥ ነገር ካየች ሌላ ፍጡር ትሆናለች። ድመት፣ ዶሮ፣ ነፋስ የሚያበረው ፌስታል ሁሉ ለሷ አንድ ነው። አያ ኑርሁሴን እንዲህ ይል ነበር፦ ዓይኗ ሲከፈት ጆሮዋ ይዘጋል። ስሟን ቢጠሩ፣ ቢጮኹ፣ ድንጋይ ቢወረውሩ አትሰማም። አንድ ጠዋት የጎረቤታችን የሙሐመድዘይን ፍየሎች በኋላ በር ሲያልፉ አንዲት ግልገል ደንብራ ሮጠች። ግልገሏ ወዴት እንደምትሮጥ ሳትወስን ቀጮ ደርሳባት ነበር። የኋላ እግሯ ተሰበረ። ሙሐመድዘይን ቢላዋ ይዞ ደርሶ ሳትሞት አረዳት።

ሙሐመድዘይን ከአያ ኑርሁሴን ጋር አብሮ ያደገ፣ ምላሱ የሚዋጋ፣ ፍየሎቹን በስም የሚጠራ ሰው ነው። አያ ኑርሁሴን ያንኑ ዕለት ከራሱ ፍየሎች የተሻለችዋን መርጦ ወሰደለት። ተቀበለው፤ ልቡ ግን አልበረደም። ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎች ከመስጊዱ አጥር ጥግ ካለችው ቁርቁራ ስር ተቀመጡ። ፍርዱ አጭር ነበር፦ ቀጮ ከማሳ በስተቀር በገመድ ታስራ ትኑር፤ ሁለተኛ በሰው ከብት ላይ ከደረሰች ወይም ለሰው የምታስፈራ ከሆነች ትገደል። አያ ኑርሁሴን ቶሌ ብሎ ተቀበለ። እሺ አለ ማለት ነው።

ዳማ ብቻውን ከርከሮ አያባርርም። መንጋውን የምታነሳው ቀጮ ናት፤ እሱ የሚከተለው እሷ ስትሮጥ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን ስለ ማሳው ብቻ አልነበረም። አያ ኑርሁሴን ሁለት ወንድ ልጆች አሉት፤ ሁለቱም ጅዳ ናቸው፣ በዓመት አንዴ ይደውላሉ። ከእርሻ ሲመለስ በሙሉ አካሉ የሚቀበለው ፍጡር ቢኖር ያችው ጭራዋ የተጠቀለለ ውሻ ናት። ይህን ለማንም አልተናገረም። መሪየም ናት ለእናቴ የነገረቻት፣ ያውም እየተቆጣች።

ረመዳን የገባው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ማሽላው ገና ፍሬ ስላልያዘ ከማሳው የሚጠበቅ ነገር አልነበረም፤ ውሾቹም በዚያ ወር ከኋላ አጥር ስር ታስረው ዋሉ። የኋላው አጥር ክንችብ ነው፤ በክንችቡ ማዶ ወደ መስጊድ የሚወስደው ቀጭን መንገድ ያልፋል።

ጾሙ አሥር ቀን ሲሞላው ቀጮ ማስታወክ ጀመረች። ጠዋት ምግብ ሲሰጣት አሽትታ ትተዋለች። ሆዷ ተነፋ፣ ተቅማጥ ያዛት። ቀን ሙሉ ተጋድማ ትውልና ወደ መግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ግን ተነስታ ገመዱን ትጎትታለች፣ ታላዝናለች፣ አፏ አረፋ ይደፍቃል። ዳማም መጠነኛ ሕመም ታየበት። አያ ኑርሁሴን መዥገር ፈለገ፣ አላገኘም። ጨው አቀመሳት፣ አጥሚት አስሠራላት፤ ባሰባት። ጎድኗ ደግሞ ጠፋ። እጁን እያሳለፈ ሲዳብስ አጥንቱን ማግኘት አቃተው። ታማ እንዴት ትወፍራለች? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳው።

ያበደች ውሻ ወሬ ደግሞ ከእሳት ይፈጥናል። ሙሐመድዘይን ወደ መስጊድ ሲያልፍ አረፋውን አይቶ ለሽማግሌዎች ተናገረ። እነሱም አያ ኑርሁሴንን ጠርተው፣ እስከ አርብ ጊዜ አለህ፣ ካልተሻላት ትገደላለች፣ አርብ ከጁምዓ በኋላ እንመጣለን አሉት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት የእንስሳት ሐኪሙን ኢልያስን በሞተር አስመጣው። ኢልያስ ወጣት ነው፤ የደሴ ልጅ ነው፣ በዚያ ላይ ከተሜነት ያጠቃዋል። ቀጮን በገመድ አፏን አስይዞ ሆዷን ተጫነ፣ ድዷን ገልጦ አየ፣ ትውከቷን በእንጨት በተነ። ከዚያ ቀና ብሎ ስንት ጊዜ እንደሚመግባት ጠየቀ። ጠዋት አንዴ፣ የወተት አጓትና ትንሽ ቂጣ፣ አርብ አርብ ሳንባ አለው አያ ኑርሁሴን።

ኢልያስ በእንጨቱ ጫፍ አንድ ነገር ወደሱ አንከባለለ። የተምር ዘር ነበር። ከዚያ ሌላ። አምስት ተቆጠሩ።

«አባቴ፣ ይህች ውሻ የታመመችው ከጥጋብ ነው» አለ። «ለጥንቃቄ አሥር ቀን ሳትፈታ ትቆይ፣ ሰውም አይጠጋት። ግን የማየው እብደት አይደለም። የማየው ሳምቡሳ ነው።»

አያ ኑርሁሴን ቤት ተምር አልገባም፤ የሚያፈጥረው መስጊድ በሚታደለው ተምር ነው። ከአዛን በፊት ሄዶ ለሰጋጁ ውሃ ያቀርባል፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላም ተስቢሁን ቆጥሮ ሳይጨርስ አይነሳም። ስለዚህ በየዕለቱ በዚያች ሰዓት ግቢው ውስጥ የሚሆነውን አንድም ቀን አይቶ አያውቅም። ሐሙስ ግን አልሄደም። መስጊድ በሱ ፈንታ ውሃ ያቀርብ ዘንድ ሌላ ሰው ለመነና፣ አንድ ኩባያ ውሃ ይዞ ከአምናው የአገዳ ክምር ኋላ ተቀመጠ።

አዛን አለ። ቢስሚላህ ብሎ ውሃውን ጠጣ።

መጀመሪያ የመጣችው መሪየም ናት። ከወጥ ቤት በኩል ብቅ ብላ ግራ ቀኝ አየች፤ ሾርባ የራሰ ዳቦ በቆርቆሮ አስቀምጣ፣ ብዪ እንግዲህ፣ ሰውየው ሳይመጣ ብላ ተመለሰች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በኛ በኩል ባለው አጥር ሁለት ሳምቡሳ ተወረወረ። እናቴ ናት። እኔም አውቅ ነበር፤ ረመዳን ከገባ ጀምሮ ሳምቡሳው በጎደለ ቁጥር ለነፍስ ነው ትለኝ ነበር። ቀጥሎ፣ ሶላቱ አልቆ ሰው ሲመለስ፣ በክንችቡ ማዶ የሸህ ሙህዲን ነጭ ጀለቢያ ታየ። ምራቋ እንዳይነካቸው ጀለቢያቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው፣ በሌላው ሦስት ተምር አንድ በአንድ አሻግረው ጣሉላት፤ እሷም አንዷንም መሬት ሳታስነካ ቀለበች። እሳቸው ይህን በማየት የተደሰቱ ይመስሉ ነበር። ሌሎች ሁለት ሰዎችም አልፈዋል፤ አያ ኑርሁሴን እስከ ዛሬ ስማቸውን አልተናገረም።

በመጨረሻ ሙሐመድዘይን መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ የፍየል ጎድን ይዟል። ክንችቡን ገለጥ አድርጎ ተቀመጠ፣ ለዳማ አንዱን ሰጥቶ የቀረውን ወደሷ አቀረበ።

«ብዪ፣ አንቺ ሌባ» አላት ቀስ ብሎ። «ያችን ግልገል እኮ ጀሚላ ብዬ ነበር የማሳድጋት። ብዪ።»

አያ ኑርሁሴን ከአገዳው ኋላ ወጣ። ሙሐመድዘይን ከተቀመጠበት ለመነሳት ሲሞክር ክንችቡ ጋቢውን ያዘው።

«ነገ እንድትሞት ያስፈረድክባት አንተ አይደለህም?» አለው አያ ኑርሁሴን።

«ነኝ።»

«ታዲያ ይኸ ምንድን ነው?»

ሙሐመድዘይን ጋቢውን ከቅርንጫፉ ለማላቀቅ እየታገለ፣ «መሞቷ ሌላ፣ መራቧ ሌላ» አለ። «አጥፍታ ብትሞት የራሷ ጉዳይ ነው። በረሃብ ብትሞት ግን የምጠየቀው እኔ ጎረቤቷ ነኝ። በረመዳን፣ ጎድኗ እየተቆጠረ፣ እኔ ሥጋ በልቼ እንዴት ልተኛ? አንት ደግሞ ልበ ደረቅ ነህ፤ ምግብ የነፈግካት አንተ ነህ።»

አያ ኑርሁሴን መሳቅ ጀመረ። እሱ ብዙ የሚስቅ ሰው አይደለም። ሳቁ አልቆም ሲለው የአገዳው ክምር ላይ ተደግፎ ተቀመጠ፤ መሪየም ምን ሆነ ብላ ወጣች፤ ሙሐመድዘይን ተቀይሞ ቆመ። ከዚያ አያ ኑርሁሴን ሁለቱንም አጠገቡ አስቀምጦ አስረዳቸው። ጎድኗ ረሃብ አይደለም፣ ፍጥረቷ ነው። ሚዳቋ ቀጭን ስለሆነች የሚያዝንላት አለ? ዶክተሩ የቆጠረውን የተምር ዘር ነገራቸው። አሁን ባለማወቅ እየገደሏት ያሉት የሚያዝኑላት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛዋም ሚስቱ ናት።

መሪየም በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሙሐመድዘይን ግን ወደ ውሻዋ ሄዶ በጥንቃቄ አያት፤ ሆዷን፣ ወገቧን። ሱብሀነላህ አለ። እኔ እኮ ስትወፍር እያየሁ፣ አልሀምዱሊላህ ሰደቃዬ ተቀባይነት አገኘ እያልኩ ነበር አለ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ እንደተባለው መጡ። ሆኖም ስለ ቀጮ ሊፈርዱ የተቀመጡት ሰዎች ዓይን ለዓይን መተያየት አቅቷቸው ነበር። አያ ኑርሁሴን የማንንም ስም አልጠራም። የዶክተሩን ቃል ብቻ ነገራቸው፤ የተምሩን ዘር ሲጠቅስ ሸህ ሙህዲን መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ለተጠማ እንስሳ ውሃ ማቅረብም አጅር፣ ምንዳ አለው፣ ከዛሬ ጀምሮ በውሃ እንወሰን አሉ። የሳቀ የለም፤ ሁሉም ግን ፊቱን አዙሮ ነበር።

አረፋውም እብደቱም በዚህ ተዘጋ። የፍየሉ ነገር ግን አልተዘጋም። ሙሐመድዘይን፣ ማዘን አንድ ነገር ነው፣ ፍየሎቼ በዚህ መንገድ እየተንቀጠቀጡ የሚያልፉት እስከ መቼ ነው ሲል ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አያ ኑርሁሴን ጊዜ ለመነ፦ ማሽላው እስኪታጨድ። ከአጨዳ በኋላ እንደ ልማዱ የሰፈሩ ፍየሎች ቃርሚያ ለመብላት ማሳው ውስጥ ይለቀቃሉ። ያን ቀን ቀጮ ከነሱ መሃል ያለ ገመድ ትቁም። ፍየል ላይ ከደረሰች በገዛ እጄ ባቲ ወስጄ እመልሳታለሁ፣ አትግደሏት ብቻ አለ። ተስማሙ። ሙሐመድዘይንም እስከዚያ ቀጮን ፍየል ማላመዱ በሱ ፍየሎች እንዲሆን ፈቀደ፤ ገመዱን ግን እኔ ነኝ የምመርጠው ብሎ የግመል መጫኛ ጠፍር ይዞ መጣ።

አሥሩ ቀን አልፎ፣ ኢድ ውሎ፣ ጎድኗ ተመልሶ ብቅ ሲል ሥራው ተጀመረ። በየጠዋቱ ከሱብሂ በኋላ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ሙሐመድዘይን ፍየሎቹን ሲያሰማራ አያ ኑርሁሴን ቀጮን በጠፍር ይዞ ከኋላ ይከተላል። በመጀመሪያው ሳምንት እጁ ተላጠ። ፍየል ባየች ቁጥር ሁለመናዋ ይንዘፈዘፋል፣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ወደ ሮቢት የሚያልፉ ገበያተኞች፣ አከም ቡልተን፣ እንዴት አደርክ ብለው በኦሮምኛ ሰላም ካሉት በኋላ፣ ውሻዋን ወዴት እየዳርካት ነው ይሉታል። ነጋ፣ ነጋ፣ ሰላም ነው እያለ ያልፋል። በኪሱ በጣት የሚያዝ የደረቀ ሥጋ ይይዛል፤ ዓይኗን ከፍየል ነቅላ ወደሱ ካዞረች አንድ ይሰጣታል። በቀን አንዴ ብታዞር ነው። ለሥጋው ብላ ሳይሆን ለመተንፈስ ያህል የምታዞረው ይመስል ነበር። ወር ሲሞላ ቆመው የሚግጡ ፍየሎች አጠገብ መጋደም ለመደች። የሚሮጥ ፍየል ግን አሁንም የሚሮጥ ፍየል ነው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጠፍሩ ተበጠሰ። ሙሐመድዘይን ራሱ የመረጠው ጠፍር። አንድ ወጠጤ ዘሎ ሮጠ፣ ቀጮ ተወነጨፈች። አያ ኑርሁሴን መጥራቱ ዋጋ እንደሌለው ያውቃል። ደንግጦ፣ ምናልባት በሌላ በኩል ዞሬ እቀድማታለሁ ብሎ ይሁን ወይም ዝም ብሎ እግሩ ወስዶት፣ ጋቢው እየተውለበለበ በተቃራኒው አቅጣጫ ሮጠ። ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ከኋላው ትንፋሽ ሰማ። አልፋው ሄዳ፣ ተጠምዝዛ ተመልሳ፣ ዙሪያውን ትዞረዋለች። ነጭ፣ ትልቅ፣ የሚሮጥ ነገር ስታይ ወጠጤውን ትታዋለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ኑርሁሴን በሃምሳ ስድስት ዓመቱ በየጠዋቱ ይሮጥ ጀመር። እሷ ፍየል ባየች ቁጥር እሱ ጋቢውን አውለብልቦ ወደ ኋላው ይፈረጥጣል። መሪየም ደጅ ላይ ቆማ፣ ኑ የባሌን ሩጫ እዩ፣ በጉብዝናው ጊዜ ያልሮጠውን አሁን ይሮጣል ትል ነበር። ክብደት ቀነሰ። ሙሐመድዘይን፣ ያንተም ጎድን መቆጠር ጀመረ፣ እኔ ግን አላበላህም ብሎ ቀለደበት።

የዚያ ዓመት ማሽላ በደህና ጎመራ። ከርከሮዎቹ ሁለት ጊዜ ወርደው ሁለቱንም ጊዜ ቀጮና ዳማ ቄጠማው ውስጥ ድረስ ሸኝተዋቸዋል። ኅዳር መጨረሻ ላይ ታጨደ፤ ዛላው ተቆርጦ ወደ አውድማ ሄደ፣ ፍየሎቹም ተለቀቁ። ሽማግሌዎቹ ከማሳው ዳር ካለ የቁርቁራ ጥላ ስር ተቀመጡ። አያ ኑርሁሴን በዚያ ቀን ቁርስ አልበላም። የቀጮን አንገት ከገመዱ ፈታ።

ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ፍየሎቹ ቅጠል ይለቅማሉ፣ ቀጮ ቆማ ታያለች። አንዱ ሽማግሌ ሊነሳ ሲያኮበኩብ፣ ከመሃል አንዲት ግልገል አገዳ ተንኮሻኩሾባት ደንብራ ተፈተለከች።

ቀጮ ተወነጨፈች። ሦስት ዝላይ ዘለለች፤ ሦስቱን ቆጥሬያለሁ። አያ ኑርሁሴን ዞሮ ሮጠ፤ ጋቢው እንደ ባንዲራ፣ ጫማው ወልቆ፣ የአገዳው ቅሪት እግሩን እየወጋው። ግልገሏ ወደ ወንዙ፣ እሱ ወደ መንገዱ። በአራተኛው ዝላይ ላይ ቀጮ በአየር ላይ እያለች የተጠመዘዘች መሰለች። ማሳውን ሰንጥቃ ደረሰችበት፣ ከኋላው ገጨችው፣ ሁለቱም ተንከባለሉ። ሲነሳ ጋቢው አፏ ውስጥ ነው፤ ጭራዋ ይወዘወዛል።

ቁርቁራው ስር ክርክር ተነሳ። አንዱ ሽማግሌ፣ ተነስታ ሮጣለች፣ ፍየሏን ብትተውም አስባበታለች አለ። ሌላው፣ ይኸ ሰው ዕድሜ ልኩን ከፍየል ፊት ሊሮጥ ነው ወይ ሲል ጠየቀ። ሸህ ሙህዲን ወደ ሙሐመድዘይን ዞረው፣ ከሳሹ አንተ ነህ፣ ምን ትላለህ አሉ። አያ ኑርሁሴን በባዶ እግሩ፣ እያለከለከ፣ ውሻዋን በማጅራቷ ይዞ ቆሞ ነበር። ዓይኑን ከሙሐመድዘይን ላይ አልነቀለም።

ሙሐመድዘይን ግልገሏን ይዞ አራቱንም እግሯን ዳበሰ። አወረዳት።

«ፍየሌ ደህና ናት» አለ። «ያሰበችውን አላህ ይጠይቃት። እኔ ክሴን አንስቻለሁ፣ ትኑር።»

አያ ኑርሁሴን ተንበረከከና ከቀጮ ጸጉር ላይ የአገዳ ስንጣሪ መልቀም ያዘ፤ ፊቱን ወደኛ አላዞረም።

ሸህ ሙህዲን ዱዓ ከማድረጋቸው በፊት እንደ ደንቡ፣ በዚህች ውሻ ላይ ሌላ አቤቱታ ያለው ሰው አለ ወይ አሉ። ከአውድማው በኩል የመሪየም ድምፅ መጣ፤ ሁለት ዶሮዎቿን በልታለች፣ አንዷም እንቁላል ጣይ ነበረች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«የቤት ጉዳይ እዚህ አይታይም» አሉ ሸህ ሙህዲን፣ እጃቸውን ለዱዓ እየዘረጉ። «ከባልሽ ጋር ተስማሙ።»